አደይ አበባን ፎቶ ማንሳት፣ አገልግሎቱን መዝግቦ መያዝና በጓሮ ማብቀል

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ «አደይ አበባ» ተብለው ከሚለጠፉት ፎቶዎች መካከል መጭ የተባለው ቢጫ የዱር አበባ ወይም ኑግ የሆኑት ጥቂት አይደሉም። ስህተቱ የሚፈጠረው ፎቶ አንሺው አበባውን ከፊት ለፊት ብቻ አንስቶ ስለሚመለስ ነው፤ ከፊት ሲታዩ ሦስቱም ቢጫ ናቸው፣ ሦስቱም ክብ ናቸው፣ ሦስቱም ከክረምት መውጫ ጋር አብረው ይፈካሉ። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ዓላማው የሚያምር ፎቶ ከማግኘት ባሻገር፣ ፎቶውን ያየ ሰው ተክሉ ምን እንደሆነ፣ የት እንደበቀለ፣ ሰው ለምን እንደሚጠቀምበት አውቆ ቢፈልግ በጓሮው ሊያበቅለው የሚችልበት ማስረጃ ማዘጋጀት ነው።

ወቅቱንና ቦታውን መምረጥ

አደይ በደጋና በወይና ደጋ በሣር ሜዳ፣ በማሳ ዳርቻ፣ በመንገድ ዳርና በተራራ ጥግ የሚበቅል የዱር አበባ ነው። ከጳጉሜን ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይቆያል፤ ሆኖም እንቁጣጣሽ ዕለት በየቦታው በሙላት ፈክቶ ይገኛል ብሎ መጠበቅ አይገባም። በአብዛኛው ሜዳው ሙሉ በሙሉ ቢጫ የሚለብሰው በመስቀል ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ስለዚህ ሰፊ የሜዳ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ቢወጣ ይሻለዋል፤ እምቡጡንና ገና በመከፈት ላይ ያለውን አበባ የሚፈልግ ግን በወሩ መጀመሪያ መውጣት አለበት።

የአዲስ አበባ ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የእንጦጦና የየካ ተራሮች ዳርቻ፣ ከዚያም አለፍ ብሎ የሱሉልታ ሜዳ ይበቃዋል። ጥቅጥቅ ባለ የባሕር ዛፍ ደን ሥር ግን ጊዜዎን አያጥፉ፤ አደይ ፀሐይ ያለበትን ክፍት ቦታ ይወዳል። ሰሜን የሚጓዝ ሰው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በላሊበላ ዙሪያ ባሉ ተረተሮች በወቅቱ ብዙ ያገኛል። መሬቱ የገበሬ ማሳ ወይም የግጦሽ ክልል ከሆነ ከመግባትዎ በፊት ባለቤቱን ወይም እረኛውን ያስፈቅዱ። በዚያ ወቅት ሣሩ ለድርቆሽ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ በእግር የተረገጠ ሣር ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። በቅርብ ዓመታት የተለመደው አበባ መሐል ተጋድሞ ፎቶ የመነሳት ልማድ ለእኔ የሚዋጥ አይደለም፤ አንድ ሰው ተነስቶ ከሄደ በኋላ የሚቀረው የተሰበረ አገዳ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር አይሰጥም።

አደይን ከመሳዮቹ መለየት

ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት ተንበርክከው ቅጠሉን ይመልከቱ። የአደይ ቅጠል የተከፋፈለ ነው፤ ከአንድ የቅጠል ዘንግ ወዲህና ወዲያ ቀጫጭን ክፍሎች ይወጣሉ። የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ ሲነኩት የሚሻክርና ከሥሩ አገዳውን አቅፎ የተቀመጠ ነው። የመጭ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኑግም ቅጠሉ ያልተከፋፈለ ሲሆን በመስመር ወይም በብተና የተዘራ ሰብል ስለሆነ ከማሳው አቀማመጥም ይታወቃል።

ሁለተኛው ምልክት ያለው ከአበባው ጀርባ ነው። አበባውን ሳይቀጥፉ በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ያዙሩት። በመጭና በኑግ ጀርባ አምስት ያህል ሰፋ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች አበባውን ደግፈው ይታያሉ፤ በአደይ ጀርባ ያሉት ግን ቀጠን ያሉና ቁጥራቸው በርከት ያለ ነው። ሦስተኛው ምልክት ዘሩ ነው። የኑግና የመጭ ዘር ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሲሆን የአደይ ዘር ጠፍጣፋ ነው፤ ከዝርያዎቹ በአንዱ ላይ ደግሞ ዘሩ ዙሪያውን ስስ ክንፍ አለው። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ዘሩ ግን እንደ መርፌ ቀጥ ያለና ጫፉ ላይ የሚይዝ እሾህ ያለው በመሆኑ ከአደይ ዘር ጋር አይምታታም።

አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሕዝቡ «አደይ» ብሎ የሚጠራው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። የዕፅዋት ባለሙያዎች ባይደንስ በሚሉት ወገን ውስጥ ያሉ ባይደንስ ማክሮፕቴራ፣ ባይደንስ ፓኪሎማና ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ የተባሉት ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ ከፎቶው ሥር የሳይንስ ስም ለመጻፍ አይቸኩሉ፤ «አደይ አበባ፣ ባይደንስ» ብሎ ማቆም ትክክል ነው። ዝርያውን ለመለየት ቅጠሉ፣ ጀርባውና የበሰለው ዘር አንድ ላይ መታየት ስላለባቸው፣ ሦስቱን ያካተተ የፎቶ ስብስብ ይዞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ወይም በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል የሚገኝ ባለሙያን መጠየቅ ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ውድ ካሜራ የግድ አይደለም። ደኅና ካሜራ ያለው ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ አጭር ማስመሪያ፣ አንድ ነጭ ወረቀት፣ መንበርከኪያ የሚሆን ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ እና አንድ ነጠላ ይበቃሉ። ነጠላው ለብርድ ብቻ አይደለም። ፀሐይ ሲበረታ ሌላ ሰው በአበባውና በፀሐዩ መካከል ዘርግቶ ሲይዘው ብርሃኑ ይለሰልሳል፣ የጠቆረው ጥላም ይጠፋል፤ በገበያ ከሚሸጠው የብርሃን ማለስለሻ ጨርቅ የሚያንስ ሥራ አይሠራም። ነጩን ወረቀት ደግሞ በጥላው በኩል ከአበባው ሥር ሲይዙት ብርሃን መልሶ ይወረውራል። ሌንስ የሚቀየርበት ካሜራ ያለው ሰው ለቅርብ ፎቶ የሚሆን የማክሮ ሌንስና ከቅጠል ላይ የሚንጸባረቀውን ብልጭታ የሚቀንስ ፖላራይዘር ቢይዝ ይጠቅመዋል።

ብርሃኑና የቢጫው ችግር

ጥሩው ሰዓት ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ ነው። ነፋሱ ገና አልተነሳም፣ ጤዛው በአበባው ላይ አለ፣ ብርሃኑም ከጎን ስለሚመጣ የአበባውን ቅርጽ ያወጣል። ከቀትር በኋላ በመስከረም ደመናና ዝናብ የተለመደ ነው፤ ስስ ደመና ግን ለቅርብ ፎቶ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ስለሆነ ፀሐይ ጠፋች ብለው ዕቃዎን አይሰብስቡ።

አደይን ከሌሎች አበቦች ይልቅ አስቸጋሪ የሚያደርገው ቀለሙ ነው። ካሜራ ቢጫን የሚሠራው ቀይና አረንጓዴ ብርሃንን በማጣመር ነው፤ ፀሐይ በመታው አደይ ላይ በተለይ የቀዩ መጠን በቶሎ ከመጨረሻው ጣሪያ ይደርሳል። ያን ጊዜ በአበባው ቅጠል ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄዱት ስስ መስመሮች፣ ጫፉ ላይ ያለው ትንሽ ጥርስ መሰል ክፍፍል፣ የጤዛው ጠርዝ ሁሉ ጠፍቶ የሚቀረው አንድ ወጥ ቢጫ ዝርግ ነው። ይህ በኋላ በማስተካከያ ፕሮግራም አይመለስም።

መከላከያው እንዲህ ነው። በስልክ ሲያነሱ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን አበባ በጣትዎ ይንኩ፤ የሚወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች በመሳብ መስመሮቹ እስኪታዩ ድረስ ብርሃኑን ይቀንሱ። በካሜራ ሲሆን ከአንድ ስቶፕ ሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ሙሉ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ዝቅ አድርገው ይጀምሩና የብርሃኑን መጠን በግራፍ በሚያሳየው ሂስቶግራም ላይ ነጩን ሳይሆን ቀዩን ለብቻው ይመልከቱ፤ በቀኝ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ከተከመረ አሁንም ይቀንሱ። በተለይ አንድ አበባ ከጠቆረ አረንጓዴ ሣር ፊት ሲቆም ካሜራው ጨለማውን ለማብራት ሲል አበባውን ከመጠን በላይ ስለሚያበራው ቅነሳው ከፍ ይላል። በተቃራኒው መላው ፍሬም በደማቅ ሜዳ ሲሞላ ካሜራው ራሱ ፎቶውን ሊያጠቁር ይችላል፤ ስለዚህ በአንዱ ቦታ የሠራውን ቁጥር በሌላው ላይ ዝም ብሎ መድገም አይሠራም። ካሜራዎ ያየውን ሳያቀናብር በሚይዘው፣ ራው በሚባለው ዓይነት ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ያንን ይጠቀሙ።

የቀለም ሚዛኑንም (ዋይት ባላንስ) ለካሜራው ፈቃድ አይተዉት። ሜዳው በሙሉ ቢጫ ሲሆን አውቶማቲኩ «ቢጫ በዛ» ብሎ ሰማያዊ ስለሚጨምር አደዩ ወደ ሎሚ አረንጓዴ ያዘነብላል። የፀሐይ ወይም የደመና ተብሎ የተቀመጠውን ምርጫ አንዴ ይዘው በዚያው ይጨርሱ።

ነፋስ ካለ የካሜራው ፍጥነት ከሰከንድ አንድ 250ኛ በታች እንዳይወርድ ያድርጉ። ለአንድ አበባ የቅርብ ፎቶ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ሲሆን እምብርቱንም ዳሩንም አጥርቶ ያሳያል፤ ኤፍ 4 ጀርባውን ያደበዝዛል፣ ውበት አለው፣ ለመለየት ግን አይጠቅምም። ስልክዎ በጣም ሲጠጉ ፎከስ አልይዝ ካለ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው ሁለት እጥፍ ያጉሉ።

መነሳት ያለባቸው ፎቶዎች

ከአንድ ተክል ቢያንስ የሚከተሉትን ያንሱ፤ ሁሉም ከአንዱ ተክል መሆን አለባቸው። ከተለያዩ ተክሎች የተሰበሰበ ስብስብ ለማስረጃነት ዋጋ የለውም።

1. ቦታው። ተክሉ ከነአካባቢው፣ ከበስተኋላው ተራራው፣ ማሳው ወይም መንገዱ እየታየ።

2. ሙሉ ተክሉ ከመሬት እስከ ጫፍ። ለዚህ መሬት ላይ መንበርከክ ያስፈልጋል፤ ቆመው ቁልቁል ያነሱት ፎቶ ቁመቱን አያሳይም። ማስመሪያው ወይም እርሳሱ ከጎኑ ይቁም።

3. ቅጠሉ፣ ከአገዳው ጋር የተያያዘበት ቦታ እየታየ። ነጩን ወረቀት ከኋላው ቢያደርጉ ክፍፍሉ ጎልቶ ይወጣል። ከሁሉም የሚዘለለው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

4. አበባው ከፊት። እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ መቆየት ያዋጣል። የአደይ እምብርት አንድ ነገር ይምሰል እንጂ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ የሚከፈቱትም ከውጭው ቀለበት ጀምረው ወደ መሐል ነው። በውጭው በኩል የተከፈቱት ቢጫ ዱቄታቸውን አውጥተው ሲታዩ መሐሉ ገና እንደተዘጋ ይቆያል። ይህ ልዩነት የሚታይበትን አበባ ይምረጡ፤ ሙሉ በሙሉ ያረጀ ወይም ገና ያልተከፈተ አበባ ሥርዓቱን አያሳይም።

5. አበባው ከጎንና ከጀርባ።

6. እምቡጥና ያፈራ ራስ። በአንድ ተክል ላይ ሁለቱም አብረው የሚገኙት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። ዘሩ ካልበሰለ ቦታውን መዝግበው በኅዳር ይመለሱ።

ንብ ካረፈበት ሰባተኛ ፎቶ ይጨምሩ። ንቧን ከማሳደድ ይልቅ አንድ ደኅና አበባ መርጦ ፎከስ አድርጎ መጠበቅ ያዋጣል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ንቦቹ በየተራ ይመጣሉ።

ሰው የሚጠቀምበትን መመዝገብ

አደይ ከበዓል ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ የአገልግሎቱ ፎቶ ሜዳ ላይ ብቻ አይገኝም። በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ሲዞሩ አደይን ከለምለም ሣር ጋር አስረው ያበረክታሉ። መስከረም 16 ለደመራ የሚቆመው እንጨት ጫፉ ላይ አደይ ይታሰራል፤ በቤትም ከቄጤማው ጋር የሚጎዘጉዙት አሉ። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ በመስቀል አደባባይ የሚሰበሰበው ፎቶ አንሺ እጅግ በዝቷል፤ አደዩን ከእንጨቱ ጋር በግልጽ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ትንሽ የአጥቢያ ደመራ ቢሄድና ገና ሲታሰር ቢደርስ የተሻለ ያገኛል። ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ጢሱና የእሳቱ ብርሃን ቢጫውን ስለሚውጡት የአበባው ፎቶ ከመለኮሱ በፊት ማለቅ አለበት። ልጆችን ከማንሳትዎ በፊት ወላጆቻቸውን፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ደግሞ አስተናባሪዎችን ያስፈቅዱ። ድሮን ማስነሳት የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል።

ከበዓሉ ውጭ ያለው ትልቁ አገልግሎት ማር ነው። በደጋው አገር የጥቅምትና የኅዳር ማር ከአደይና ከመጭ አበባ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ንብ አንቢዎች የአደዩን መብዛትና ማነስ ከወዲሁ ይከታተላሉ። ሙሉ ታሪክ የሚያሳይ ስብስብ ለማዘጋጀት አደዩን፣ ቀፎውንና የተቆረጠውን ማር ከአንድ ቀበሌ ያንሱ።

ከአዛውንቶች ስለ አገልግሎቱ ሲጠይቁ «ይህን ለምን ትጠቀሙበታላችሁ?» ብለው በክፍት ጥያቄ ይጀምሩ፤ «ለቁስል ይሆናል አይደል?» ብሎ መልስ አቀብሎ መጠየቅ እንግዳን ላለማሳፈር ሲባል «አዎን» የሚል ምላሽ ብቻ ያመጣል። ተክሉን በእጅዎ ይዘው ወይም በስልክዎ አሳይተው ይጠይቁ፣ ስሙ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያልና። የሰሙትን ባለቃሉ በተናገሩበት አነጋገር ይጻፉ፤ የትኛው የተክሉ ክፍል፣ በየትኛው ወቅት፣ ለሰው ወይስ ለከብት እንደሆነ ይለዩ። ስለ መድኃኒትነት የሰሙትን መጠንና አወሳሰድ ግን በአደባባይ አያውጡ፤ ከመጭና ከሌሎች ቢጫ አበቦች ጋር በቀላሉ የሚምታታን ተክል በፎቶ ብቻ ለይቶ የሚቀምስ አንባቢ ሊጎዳ ይችላል። ነገሩ የሚገኘው ከእናት አባቶች ስለሆነ፣ ከማውጣትዎ በፊት እንዲወጣ መፍቀዳቸውን ማረጋገጥም ተገቢ ነው።

ዘር መሰብሰብና በጓሮ ማብቀል

አደይን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ ቤት መውሰድ ከንቱ ድካም ነው። ሲያብብ የተነቀለ ተክል አይጸድቅም ማለት ይቻላል፣ ቢጸድቅም አብዛኛው አደይ በበጋው ስለሚደርቅ ጥቅሙ የጥቂት ቀን ነው። የሚያዋጣው ዘር ነው።

በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር አበባው ረግፎ ራሱ ቡናማ ሲሆን፣ በጣት ሲነኩት ዘሩ በቀላሉ ከለቀቀ በስሏል። ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ከብዙ ተክሎች ጥቂት ጥቂት ይልቀሙ፤ ከአንድ ተክል ሁሉንም አይውሰዱ። ሣሩ ለድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ ከሆነ ባለቤቱ መቼ እንደሚያጭድ አስቀድመው ይጠይቁ። ዘሩን በወረቀት ላይ ዘርግተው ለአንድ ሁለት ሳምንት በጥላ ያድርቁትና በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡ። ላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል።

ለመዝራት ዝናቡ እስኪጸና፣ ማለትም እስከ ሰኔ ይጠብቁ። ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ፤ አፈሩን ላላ ያድርጉት እንጂ ፍግ አያብዙበት። አፈሩ ሲሰባ ተክሉ ቅጠልና ቁመት ያበዛል፣ አበባው ይሳሳል፣ በነሐሴ ነፋስም ይጋደማል። ዘሩን በትነው በስሱ አፈር ይሸፍኑት፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አይቅበሩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቅል ዘግይቶ የሚወጣውን እንደ አረም እንዳይነቅሉት የመጀመሪያዎቹን ቡቃያዎች ፎቶ ያንሱና ለንጽጽር ይያዙ። ሲጠነክር በመካከላቸው 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ያሳሱት። ከዚያ በኋላ ማረም ነው። ለበዓል ሲቆርጡ በየተክሉ የተወሰኑ አበቦችን ይተዉ፤ እነዚያ ዘራቸውን አርግፈው ለሚቀጥለው ዓመት ራሳቸው ይተክላሉ።

በውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። የኢትዮጵያን ዘር በሻንጣ ይዞ መውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው፤ ፈቃዱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ተቀባዩ አገርም በአብዛኛው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በአውሮፓና በአሜሪካ የአበባ መሸጫዎች ባይደንስ ፌሩሊፎሊያ የተባለ፣ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢው የሆነ የአደይ ዘመድ በማሰሮ ይሸጣል። ቁመቱ አጠር ያለና የሚንዘረፈፍ ቢሆንም ቢጫውና የተከፋፈለው ቅጠሉ አደይን ያስታውሳል፤ ለበዓል ጠረጴዛ ይሆናል። ፎቶውን ሲለጥፉ ግን «አደይ» ብለው አይጻፉ።

ፎቶውን ሰይሞ ማስቀመጥ

ቤት እንደገቡ፣ ሳይረሱት፣ ከየፎቶው ጋር ቀኑን፣ ወረዳውንና ቀበሌውን፣ ከስልክዎ ጂፒኤስ የተገኘውን ከፍታ፣ የመሬቱን ዓይነትና ፎቶ አንሺውን ይጻፉ። ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ማስፈር ያስፈልጋል፤ መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ ካሜራው በራሱ የሚመዘግበውን ቀን ብቻ ይዞ የአበባ ጊዜን ከዓመት ዓመት ያነጻጸረ ሰው በአንድ ቀን ይሳሳታል። ከአንድ ተክል የተነሱትን ሁሉ በአንድ ማኅደር አስገብተው ለተክሉ ቁጥር ይስጡ፤ በኅዳር ተመልሰው ያነሱት የዘር ፎቶም በዚያው ቁጥር ሥር ይግባ።